አምስት ደሴት ብዬ ጀምሬ

ደብተሩ አሁንም ጠረጴዛዬ ላይ ነው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ በትልልቁ «ቫኑዋቱ፦ 16 ቀን፣ 5 ደሴት» ይላል። ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ ሁለት ጊዜ አስምሬበታለሁ። ያን ቀን ምን ያህል እርግጠኛ እንደነበርኩ መስመሩ ይናገራል። አሁን ሳየው ሳቄ ይመጣል።

ነገሩ የጀመረው በካርታ ነው። እንቅልፍ እምቢ ሲለው ፊልም የሚያይ ሰው አለ፤ እኔ ካርታ አያለሁ። አንድ ሌሊት ከአውስትራሊያ በስተምሥራቅ፣ ከፊጂ በስተምዕራብ፣ ሰማያዊ ብቻ ይሆናል ባልኩት ቦታ ላይ የነጠብጣብ ሰልፍ አገኘሁ። ጫፉ ላይ እንደ ባላ እንጨት ለሁለት ይከፈላል። ጠጋ አድርጌ ሳየው ከ80 በላይ ደሴት ነው። ሕዝቡ በ2020 ቆጠራ 300 ሺህ ገደማ። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ቋንቋው ግን ከ100 በላይ! አካፈልኩት። ለአንድ ቋንቋ በአማካይ ሦስት ሺህ ሰው እንኳን አይደርስም። በዚያች ሌሊት ነው የተለከፍኩት።

በማግስቱ ለጓደኛዬ ደወልኩላት።

«አንቺ፣ ቫኑዋቱ እንሂድ?»

«ምንድነው እሱ? መድኃኒት ነው?»

በሳምንቱ ግን ከእኔ ብሳ ተገኘች። አምስቱን ደሴት የመረጥነው አንድ ላይ ነው። ኤፋቴ፣ ዋና ከተማዋ ፖርት ቪላ ስላለችበት። ታና (በ‹ጣ› አይደለም)፣ ያሱር ለሚባለው እሳተ ገሞራ። አምብሪም፣ ለላቫ ሐይቁ (የቀለጠ ዓለት ሐይቅ ነው)። ፔንተኮስት፣ ወንዶች ቁርጭምጭሚታቸውን በሐረግ አስረው ከማማ ለሚዘሉበት ሥርዓት። ሳንቶ ደግሞ ለእሷ ነው፤ ዳይቪንግ (ባሕር ውስጥ ጠልቆ መዋኘት) ትወዳለች፣ እዚያ የሰመጠ ትልቅ መርከብ አለ። 16 ለ5 ሲካፈል ሦስት ቀን ከምናምን። በቂ ነው አልን።

መጀመሪያ የወደቀው አምብሪም ነው። የወደቀበት ምክንያት ያሳፍረኛል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስለ ላቫ ሐይቁ ሳነብ፣ ፎቶ ሳይ፣ ምን ዓይነት ጫማ እንደሚያስፈልግ ሳጠና ከረምኩ። ማሩምና ቤንቦ የሚባሉትን ሁለት ጉድጓዶች እንደ ጎረቤቶቼ አወቅኳቸው። ያነበብኩት ሁሉ ግን የቆየ ነበር። በዲሴምበር 2018 እሳተ ገሞራው ሲነሳ፣ ከሐይቆቹ ሥር የነበረው ቅልጥ ዓለት በመሬት ውስጥ ለውስጥ ወደ ደቡብ ምሥራቁ ጠረፍ ሾለከ። እዚያ ባሕር ሥር ፈነዳ። ሐይቆቹም ባዶ ቀሩ። ጠረፉ አካባቢ ያሉ መንደሮች ላይ መሬቱ ተሰነጣጥቆ ሰው ከቤቱ ወጣ። እኔ የምጓጓለት ፎቶ የጠፋ ነገር ፎቶ ነበር። ፎቶው ላይ የተነሳበት ቀን ተጽፎ ነበር እኮ። አላየሁትም።

አምብሪምን ሰረዝኩና «ጊዜ ተረፈን» ብዬ ተጽናናሁ። የተረፈ ጊዜ ግን አልነበረም። የአውሮፕላኑ ሒሳብ ገና አልተሠራም።

ወደ ፖርት ቪላ የሚገባው ከጥቂት ከተሞች ነው፤ ከብሪዝበን፣ ከሲድኒ፣ ከኦክላንድ፣ ከፊጂዋ ናዲ፣ ከኒው ካሌዶኒያዋ ኑሜያ። እዚያ መድረስ ራሱ አንድ ጉዞ ነው። በአውስትራሊያ በኩል ለሚያልፍ፣ እንደ ፓስፖርቱ ዓይነት፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ሳይወጣም ትራንዚት ቪዛ ሊጠየቅ ይችላል። ቪዛው እስከ 72 ሰዓት ለማለፍ ነው፣ ክፍያም የለውም። ነፃ ነው ማለት ግን ቀላል ነው ማለት አይደለም። ቅጹን ስሞላ ያለፍኩባቸውን አገሮች በሙሉ ሲጠይቀኝ ከመሄዴ በፊት ደከመኝ።

ቪላ (ፖርት ቪላን በአጭሩ) ከደረሱ በኋላ ነው ዋናው ነገር። ወደ ትንንሾቹ ደሴቶች የሚበሩት ሃያ ሰው እንኳን የማይይዙ ትዊን ኦተር አውሮፕላኖች ናቸው። ሻንጣው ብቻ ሳይሆን ተሳፋሪውም ሚዛን ላይ ይወጣል። አንዳንዱ ማረፊያ ሣር ነው። ዝናብ ሲበዛ ይዘጋል። በአንድ ቀን ከደሴት ደሴት እየዘለልኩ እሄዳለሁ ያልኩት መስመር ካርታ ላይ እንጂ ሰማይ ላይ የለም፤ አብዛኛው በረራ በቪላ ወይም በሳንቶዋ ሉጋንቪል በኩል ዞሮ ነው የሚሄደው። ይባስ ብሎ በሜይ 2024 ብሔራዊ አየር መንገዱ በኪሳራ ሥራ አቁሞ፣ መንገደኛው ባለበት ተንጠልጥሎ ቀርቶ ነበር። በኋላ የአገር ውስጡ በረራ ቀስ በቀስ ተመለሰ። እኔ ግን ትምህርቴን ወሰድኩ። ከትንሿ ደሴት የሚመለሰውን በረራ ከአገር ከሚያስወጣው በረራ አንድ ቀን በፊት ማድረግ እብደት ነው። ቢያንስ ሁለት ቀን፣ ቢቻል ሦስት፣ ባዶ መተው አለበት።

ባዶዎቹን ቀናት ደብተሩ ላይ በእርሳስ አጠቆርኳቸው። ከ16ቱ አራቱ ጠቆሩ። ጓደኛዬ አይታ «ይሄ የጉዞ ዕቅድ ነው የቼዝ ሰሌዳ?» አለችኝ።

አሁን ወደ ፔንተኮስት ልምጣ፤ ብዙ ሌሊት ያሳደረኝ እሱ ነው።

ሥርዓቱ ናጎል ይባላል። በደሴቱ ደቡብ፣ ከኤፕሪል እስከ ጁን፣ ያም የሚባለው ሥራ ሥር በሚደርስበት ወቅት ይካሄዳል። ከ20 እስከ 30 ሜትር የሚደርስ ማማ ከእንጨት ይሠራል። ምስማር የለም፤ ሁሉም በልጥና በሐረግ የታሰረ ነው። ለእያንዳንዱ ዘላይ ሐረጉን የሚመርጥለት አዋቂ አለ። ክብደቱን፣ ቁመቱን፣ የሚዘልበትን ከፍታ በዓይኑ ይለካል። ሐረጉ ከረዘመ ሞት ነው። ካጠረ ማማው ላይ ይላተማል። ልኩ ሲሆን የዘላዩ ትከሻ ወይም ጸጉር አፈሩን ዳሰስ ያደርጋል፤ ለሚቀጥለው አዝመራ በረከት ነው ይላሉ። በዓለም ዙሪያ በላስቲክ ገመድ ታስሮ መዝለል የተወለደው ከዚህ ነው። በ1979 እንግሊዞች ከድልድይ ላይ የሞከሩት ይህንን አይተው ነው።

አፈ ታሪኩ ደግሞ ከሴት ይጀምራል። ባሏ ያስቸገራት ሴት ሸሽታ ትልቅ ዛፍ ላይ ወጣች። ተከትሏት ሲወጣ ዘለለች። እሱም ተከትሎ ዘለለ። እሷ እግሯን በሐረግ አስራ ነበር፤ እሱ አላሰረም። እሷ ተረፈች። ዛሬ የሚዘሉት ወንዶች ብቻ ናቸው። ማማው ሲሠራ ሴት አትጠጋም። ይህንን ሳነብ ቆየት ብዬ ሳቅሁ። ሴትየዋ የፈለሰፈችውን ነገር ወስደው፣ እሷን ከአጥሩ ውጭ አቆሟት።

ከዚያ 1974 ላይ ደረስኩ። በዚያ ዓመት ንግሥት ኤልሳቤጥ ዳግማዊት ደሴቶቹን ጎበኘች። ለእንግዳዋ ተብሎ ናጎሉ ያለ ወቅቱ፣ በፌብሩዋሪ ተዘጋጀ። ሐረጉ ውሃውን ጠግቦ የሚለጠጥበት ጊዜ ገና ነበር። አንዱ ዘላይ ወድቆ ሞተ።

ይህችን ታሪክ ካነበብኩ በኋላ ፔንተኮስትን እንደ በፊቱ ማየት አቃተኝ። የአየሩ ሁኔታ፣ የያሙ መድረስ፣ የሐረጉ እርጥበት ሁሉ የየራሱ ቀን አለው። የእኔ ቀን ደግሞ ከመሥሪያ ቤት በፈቃድ የተሰጠኝ ነው። ሥርዓቱ በየቅዳሜው ለቱሪስት እንደሚታይ፣ መግቢያ እንደሚከፈል፣ ገንዘቡም ለመንደሮቹ እንደሚጠቅም አውቃለሁ። አትሂዱ የሚል የለም። ግን ሰው ነፍሱን ለአዝመራው ሲሰጥ እኔ ካሜራ ይዤ «ኧረ ልዘጋጅ፣ ቆይ» ስል ታየኝ።

ውሳኔውን እኔ አልወሰንኩም። የጓደኛዬ ፈቃድ ለኦገስት ወጣላት። በኦገስት ናጎል የለም። እውነቱን ልናገር፣ ቀለል አለኝ። ለእሷ ግን «ምን ይደረግ፣ አዘንኩ» ነው ያልኳት።

ኦገስት በነገራችን ላይ ጥሩ ወር ነው። ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ፣ ከአውሎ ነፋሱ ወቅት የራቀ። የሳይክሎኑ ጊዜ ከኖቬምበር እስከ ኤፕሪል ነው። በማርች 2015 ፓም የተባለው ዋናውን ከተማ ሳይቀር አድቅቋል። በኤፕሪል 2020 ሃሮልድ መጣ፤ ያኔ ዓለም በወረርሽኝ ተዘግቶ ነበር። በማርች 2023 ጁዲና ኬቨን በቀናት ልዩነት ተከታትለው መጡ። በኦክቶበር 2023 ደግሞ ሎላ ወቅቱን እንኳን ሳይጠብቅ ደረሰ። በዚህ ላይ በዲሴምበር 17፣ 2024 ፖርት ቪላን መጠኑ 7.3 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ መታት፤ 14 ሰው ሞተ፣ መሀል ከተማው ላይ ሕንፃ ተደረመሰ። ይህችው አገር ናት በ2006 የወጣ አንድ የደስታ መለኪያ ከዓለም አንደኛ ያላት። ሁለቱን እንዴት እንደማስታርቃቸው አላውቅም። ዝም ብዬ ጎን ለጎን ጻፍኳቸው።

ስለ መንቀጥቀጡ ለእናቴ መንገር አልነበረብኝም።

«ለምንድነው የምትሄጅው ልጄ?»

«እሳተ ገሞራ ለማየት፣ እማዬ።»

«እሳቱ እዚያው እየነደደ ይኑር፤ አንቺን ምን አገባሽ?»

መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም። ያሱር ግን ከእቅዴ የማልሰርዘው ብቸኛ ነገር ነው። ከፍታው 361 ሜትር ብቻ ነው። ተራራ ለመባል እንኳን የሚያንስ ነው። ግን ሳያቋርጥ ለመቶዎች ዓመታት ሲተፋ ኖሯል። በ1774 ካፒቴን ኩክን ወደ ደሴቲቱ የጠራው በሌሊት የታየው የእሳቱ ብርሃን ነው። ኩክ ተራራው ላይ ሊወጣ ፈልጎ ነበር፤ የአገሩ ሰዎች ግን አላሳለፉትም። የደሴቲቱን ስም ሲጠይቅ ጣቱን ወደ መሬት ጠቆመ፤ «ታና» አሉት፤ መሬት ማለታቸው ነበር። እሱም የአገሩ ስም ብሎ መዘገበ። ያለ አስተርጓሚ የሚጓዝ ሰው ዕጣ ይሄው ነው።

ዛሬ መኪና እስከ ጉድጓዱ አፋፍ ጥግ ይወጣል፣ የቀረውን በእግር ነው። የአገሪቱ የሜትሮሎጂና የሥነ ምድር አደጋዎች መሥሪያ ቤት ለእያንዳንዱ እሳተ ገሞራ ከ0 እስከ 5 ደረጃ ያወጣል። ያሱር ለዓመታት 2 ላይ ነው የቆየው። ከፍ ካለ አፋፉ ይዘጋል። በየጠዋቱ ያንን ቁጥር ማየት ልማድ ሆኖብኛል፤ የታመመ ዘመድ እንደ መጠየቅ ነው። ስለሚወነጨፈው ድንጋይ የተሰጠውን ምክርም በቃሌ ይዤዋለሁ። አትሩጪ፣ ጀርባሽን አትስጪ፣ ቀና ብለሽ የሚወድቅበትን እይ፣ ከዚያ ወደ ጎን ፈቀቅ በይ። ማንበቡ ቀላል ነው። ቀና ብዬ ስመለከት ጉልበቴ ይታዘዘኛል ወይ የሚለውን እዚያው እናየዋለን።

ሳንቶ የጓደኛዬ ስለሆነ ብዙ አልልም። መርከቡ ፕሬዚደንት ኩሊጅ ይባላል። የቅንጦት መርከብ የነበረ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወታደር ማመላለሻ የሆነ። በኦክቶበር 26፣ 1942 ወደቡ መግቢያ ላይ የራሳቸው የአሜሪካኖቹ ፈንጂ መታው። ካፒቴኑ የመርከቡን አፍንጫ ኮራል ዓለቱ ላይ ሰካው። ከ5 ሺህ በላይ ሰው እየተራመደና እየዋኘ ወጣ፤ የሞቱት ሁለት ብቻ ናቸው። አንዱ ኤልዉድ ዩአርት የተባለ መኮንን ነው፤ ከወጣ በኋላ የታመሙትን ሊያወጣ ተመልሶ ገብቶ ቀረ። ጦርነቱ ሲያልቅ አሜሪካኖቹ የተረፋቸውን መኪናና ማሽን በርካሽ ለመሸጥ አቀረቡ። እንዲሸምቱ የቀረበላቸው ግን ጥለውት ይሄዳሉ ብለው ዝም አሉ። አሜሪካኖቹም ሁሉንም እየነዱ ባሕር ውስጥ ከተቱት። ቦታው ዛሬ ሚሊዮን ዶላር ፖይንት ይባላል። እኔ ከላይ ሆኜ በመነጽር አያለሁ። ዋናዬ ከዚያ አያልፍም። እሷ ግን ወደ 40 ሜትር ወርዳ የመርከቡ ግድግዳ ላይ ያለችውን የሸክላ ሴት ሳልስም አልመለስም ብላለች። ሳሚያት፣ እኔ ልብስሽን እጠብቃለሁ አልኳት።

ከዝግጅቱ ሁሉ ያልጠበቅኩት ደስታ ቋንቋው ነው። ቢስላማ። የስሙ አመጣጥ ከባሕር ወለል ከሚለቀም «የባሕር ኪያር» ከሚሉት ፍጡር ነው፤ ነጋዴዎች ለቻይና ገበያ ይለቅሙት ነበር። ቋንቋው ግን ያደገው በከባድ ታሪክ ነው። ከ1863 እስከ 1904 ከእነዚህና ከአካባቢው ደሴቶች ከ60 ሺህ በላይ ሰው ወደ አውስትራሊያ የሸንኮራ እርሻዎች ተጓጉዟል። ወደው የሄዱ ነበሩ። ተታለው የተጫኑ ነበሩ። ታፍነው የተወሰዱም ነበሩ። ከመቶ ቋንቋ የመጡ ሰዎች እርሻ ላይ ሲገናኙ መግባቢያ የሆናቸው የተሰባበረ እንግሊዝኛ ነበር። ያንን ይዘው ተመለሱ፣ በራሳቸው ሰዋስው ገጣጠሙት፣ የራሳቸው አደረጉት። እንግሊዝና ፈረንሳይ ከ1906 ጀምሮ አገሪቱን በጋራ ሲገዙ ሁለት ፖሊስ፣ ሁለት እስር ቤት፣ ሁለት ዓይነት ትምህርት ቤት ነበር። የጋራ ፍርድ ቤቱን ሰብሳቢ ደግሞ የስፔን ንጉሥ ነበር የሚሾመው፤ ይህንን ስሰማ ቀልድ መስሎኝ ነበር። በጁላይ 30፣ 1980 ነፃ ሲወጡ ሁሉንም የሚያግባባው ቢስላማ ሆኖ ተገኘ።

በየማታው አሥር ቃል እይዛለሁ። «ታንክዩ ቱማስ» በጣም አመሰግናለሁ ነው። «ሚ ኖ ሳቬ» አላውቅም ነው፤ ብዙ እንደምጠቀምበት ይሰማኛል። ልቤን የወሰደው ግን «እኛ» ነው። ሁለት ዓይነት «እኛ» አላቸው። «ሚፋላ» ካሉ አንቺን ሳይጨምር እኛ ማለት ነው። «ዩሚ» ካሉ አንቺን ጨምሮ። ብሔራዊ መዝሙራቸውም «ዩሚ፣ ዩሚ፣ ዩሚ» ነው የሚለው።

ሌላ ሌላውን በአጭሩ ጽፌዋለሁ። ገንዘቡ ቫቱ ነው፤ በብዙዎቹ ቋንቋዎቻቸው ድንጋይ ማለት ነው፣ ሳንቲም የሚባል ክፍልፋይ የለውም። ከትልልቆቹ ከተሞች ውጭ በኤቲኤም መተማመን አይቻልም፣ ጥሬ ገንዘብ መያዝ ነው። ዋጋ መከራከር የለም፣ ጉርሻም ልማድ አይደለም። የጉዞ መድኑ በአውሮፕላን ወደ ሌላ አገር ሆስፒታል መወሰድን የሚሸፍን ይሁን። ለወባ ሐኪም ማማከር። በኮራል የተጫረ ቁስል ትንሽ ነው ብሎ አለመናቅ።

አንድ ነገር ግን ከዝርዝሩ ለይቼ ጽፌዋለሁ። በሕገ መንግሥታቸው መሬት በሙሉ በባህል ሕግ የባለርስቶቹ ነው። ሰው የሌለበት የሚመስል የባሕር ዳርቻ፣ ጫካ ውስጥ ያለ ፏፏቴ፣ ሁሉም ባለቤት አለው። ገብቶ ፎቶ ማንሳት አይቻልም፤ ይጠየቃል፣ ይከፈላል። ታና ላይ ደግሞ ወንዶች ማታ ማታ ካቫ (ከተክል ሥር የሚዘጋጅ መጠጥ) የሚጠጡበት ናካማል ለሴት ዝግ ነው። ጓደኛዬ ይህንን ስነግራት ተቆጣች። እኔም ደስ አላለኝም። ግን እሄዳለሁ ያልኩት እኔ ነኝ እንጂ ማንም አልጠራኝም። ካቫውን በቪላ እንሞክራለን፤ እዚያ ሴትም ይስተናገዳል። አፈር አፈር ይላል፣ አፍ ያደነዝዛል ብለውኛል።

እንግዲህ አምስቱ ሦስት ሆነዋል። ቪላ ሦስት ቀን፣ ታና አምስት፣ ሳንቶ አራት፣ የቀረው የጠቆረ።

ባለፈው ሳምንት ታና ላይ ከእሳተ ገሞራው ሥር ላለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ረጅም መልእክት ላክሁ። ዘጠኝ ጥያቄ። በስንት ሰዓት ትቀበሉናላችሁ? በረራው ቢሰረዝስ? አፋፉ ቢዘጋ የትኛው ቀን ላይ እናዛውረው? ዝናብ ቢሆንስ? ቁጥር ሰጥቼ፣ አንቀጽ ለይቼ። ለአራት ቀን መልስ የለም። በአምስተኛው ቀን መጣ። ዘጠኙንም በአንድ መስመር።

«ባይ ዩሚ ሉክ።»

እናያለን ማለት ነው። መዝገበ ቃላቴን አውጥቼ አረጋገጥኩ። «ሚፋላ» አላሉም፤ «ዩሚ» ነው ያሉት። ስልኩን ለጓደኛዬ አሳየኋት። እሷም «በቃ፣ ትኬቱን ቁረጪው» አለችኝ።